መጀመሪያ ምንጣፉን ይግለጡ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቆዩ ሆት ሃቾችን መግዛትና መሸጥ

በዚህ ዕትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ዓይነት መኪና፣ ሆት ሃች ስለሚባለው፣ ናቸው። ትንሽ የቤተሰብ መኪና ናት፤ የኋላ በሯ ወደ ላይ ይከፈታል፤ ፋብሪካው ደግሞ ከመጠኗ በላይ የሆነ ሞተር ገጥሞላታል። ጎልፍ ጂቲአይ በመስከረም 1975 ፍራንክፈርት ላይ ለዕይታ ስትቀርብ ፎልክስቫገን ያቀደው 5,000 ያህል ሠርቶ ለማቆም ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ ከ460,000 በላይ ተመርቷል። ያኔ ወጣቶች እንደ ልባቸው ያንገላቷቸው መኪኖች ዛሬ ሰብሳቢ ይሻማባቸዋል። ዋጋቸው ሲወጣ ደግሞ በቀለም የተሸፈነ ዝገትና የተቀያየረ ማንነትም አብሮ ገበያ ወጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የምኖረው ፍራንክፈርት አካባቢ ነው። የ1983 ሞዴል ጎልፍ ጂቲአይ፣ ባለ 1.8 ሞተር፣ አግኝቻለሁ። ሻጩ ሞተሩ ምንም እንደማይል፣ ቀለሟም ገና እንደተቀባ ነግሮኛል። ተራ ጎልፍ ሆና የጂቲአይ ዕቃ የተለጣጠፈባት እንዳትሆን ግን እሰጋለሁ። ምን ምኑን ልይ? (መ.ተ.)

መልስ፦ በሞተሩ አይጀምሩ። ይህን የሞተር ዘር ፎልክስቫገንና አውዲ ለዓመታት በብዙ ሞዴሎች ላይ ተጠቅመውበታል። መለዋወጫው ይገኛል፣ የሚያውቀው መካኒክም አይጠፋም። ገንዘብ የሚበላው ቦዲው ነው። የሞተር እድሳት ስንት እንደሚፈጅ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል፤ የዝገት ዋጋ ግን ላሜራው ተቆርጦ እስኪከፈት ድረስ አይታወቅም።

«ገና ተቀባች» ሲባሉ ይጠርጥሩ። ከመቀባቷ በፊትና በሥራው ላይ እያለች የተነሱ ፎቶዎች ይጠይቁ፤ በደንብ ያሠራ ሰው ፎቶ አያጣም። የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዘው ይሂዱ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን ነው። ከ300 ካለፈ ድጋሚ ተቀብቷል፤ ከ1,000 ካለፈ ከሥሩ ስቱኮ አለ ብለው ይያዙት። መለኪያ ካላገኙ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔትም ይሠራል፤ ስቱኮ ያለበት ቦታ ላይ አይጣበቅም።

የመጀመሪያው የዝገት ቦታ የነዳጅ መሙያው አንገት ነው። ክዳኑን ከፍተው በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ይመልከቱ፤ ከዚያ በቀኝ የኋላ ጎማ በኩል እጅዎን አስገብተው ቧንቧውን ይዳብሱ። ጎማው የሚረጨው ጭቃና ጨው እዚያ ላይ ስለሚከማች ቧንቧው ይበሳል፤ የዝገቱ ብናኝም ወደ ታንኩ ይወርዳል። በዚህች መኪና ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የነዳጅ ሥርዓቷ ኬ-ጄትሮኒክ የሚባለው የቦሽ ሜካኒካል ኢንጄክሽን ነው፤ በ5 ባር ገደማ ግፊት ቤንዚኑን እጅግ በቀጠኑ ቀዳዳዎች ያከፋፍላል። ብናኝ ከገባበት የነዳጅ ማከፋፈያው ራሱ ይበላሻል፤ ከመሙያው ቧንቧ ጋር የማይወዳደር ወጪ ነው።

ቀጥሎ ምንጣፉን ይግለጡ። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የውሃ መውረጃ በቅጠል ሲደፈን ውሃው በዳሽቦርዱ በኩል ወደ ውስጥ ይገባና ፊውዝ ሳጥኑን እያረጠበ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከምንጣፉ ሥር ያለው ስፖንጅ እርጥብ ከሆነ ወይም ሻጩ «ምንጣፉን አይንኩት» ካለ ነገሩ ገብቶዎታል። ከዚያ በሮቹ ሥር በቁመት የሚሄደውን ላሜራ፣ ክሪክ የሚገባባቸውን አራት ቦታዎች፣ የኋላ አክስሉ ከወለሉ ጋር የሚታሰርባቸውን ነጥቦችና የኋላውን በር የታች ጠርዝ ይዩ። በጎማዎቹ ላይ ያሉትን ጥቁር የፕላስቲክ ቅስቶች ጠርዛቸውን በጥፍርዎ ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉ። ጭቃ ይይዛሉ፤ ከውጭ ንጹሕ መስለው ከሥር ወንፊት የሆኑ ብዙ ናቸው። መኪናዋን ከፍ አድርገው ሳያዩ ግን አይክፈሉ።

ወደ ማንነቷ ስንመጣ፣ የሻንሲ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። በአውሮፓዋ ጎልፍ ላይ ቁጥሩ ሞዴሉን (17) እና ዓመቱን (10ኛው ምልክት በ1983 ዲ ነው) ይነግርዎታል፤ ጂቲአይ መሆኗን ግን አይነግርዎትም። ስለዚህ ማስረጃ ያጠራቅሙ። ብሎኩ ላይ፣ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሥር የተቀረጸው የሞተር ኮድ በ1.8ዋ ዲኤክስ፣ ከዚያ በፊት በነበረችው 1.6 ኢጂ ነው። በጀርመን የምዝገባ ወረቀት ላይ ኃይሏ 82 ኪሎዋት ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ይህም 112 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። የፊት ፍሬን ዲስኮቿ በመሃል አየር የሚያሳልፉ ድርብ ዲስኮች ናቸው፤ ከኋላ በኩል ማዘንበልን የሚከላከል ዘንግ አላት፤ 1.8ዋ በመሪው በኩል ባለው መቆጣጠሪያ የሚሠራ ትንሽ የጉዞ ኮምፒውተር አላት። ቀይ መስመር ያለበት የፊት ፍርግርግና ካሮ መቀመጫ ግን ማንም ገዝቶ ይገጥማል፤ ማስረጃ አይደሉም።

ሙከራው እንዲህ ይሁን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ እንዲጠብቅዎ አስቀድመው ይንገሩ። ሲደርሱ ኮፈኑ ሞቆ ካገኙት ሻጩ የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል። 20 ደቂቃ ነድተው ያጥፉት፤ ሌላ 15 ደቂቃ ጠብቀው እንደገና ያስነሱ። ሞተሩን በቁልፉ ደጋግመው ካላዞሩ አልነሳ ካለ ግፊት የሚይዘው ዕቃ ወይም የፖምፓው ቫልቭ ግፊቱን እየለቀቀ ነው። ሲነሳና እግርዎን ከነዳጅ ፔዳሉ ሲያነሱ ሰማያዊ ጭስ ካለ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፤ ዋጋ ያስቀንሱበት እንጂ አይፍሩት። ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲቀንሱ ካንገጫገጨ የካምቢዮው ሲንክሮ (ማርሾቹን ያለ ግጭት የሚያገናኘው ቀለበት) አልቋል። የኮምፕሬሽን ልኬት (ሲሊንደሮቹ የሚይዙት ግፊት) ሲያስደርጉ ከአኃዙ ይልቅ ልዩነቱን ይመልከቱ፤ በአራቱ ሲሊንደሮች መካከል 1 ባር ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 3 ባር ከደረሰ ቴስታታውን ማውረድ አይቀርም።

እዚያው ጀርመን ስለሆኑ ይህንን ይጨምሩ፦ ከ30 ዓመት በላይ ያለፋት መኪና በባለሙያ ተመርምራ ኤች የሚል ምልክት ያለበትን የታሪካዊ መኪና ታርጋ ልታገኝ ትችላለች። ዓመታዊ ግብሩ አንድ ወጥ ሲሆን 191.73 ዩሮ ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ቀጠና በሆኑ ከተሞችም ትገባለች። ነገር ግን በኋላ ዘመን የተገጠሙ ትላልቅ ቸርኬዎች ወይም ከዘመኗ ያልሆነ ሞተር ይህን ሊያሳጣዎት ይችላል። ሻጩ «ኤች ታርጋ በቀላሉ ታገኛለች» ካለዎት ራሱ አውጥቶ ይሽጥልዎ።

ጥያቄ፦ ለንደን ነው ያለሁት። ፔዡ 205 ጂቲአይ መግዛት እፈልጋለሁ። 1.6 ወይስ 1.9? «የኋላ እግሯን ተጠንቀቅ» የሚሉኝስ ምንድን ነው? (ሰ.ኃ.)

መልስ፦ ከሞተሩ መጠን ይልቅ የቦዲዋንና የኋላ እግሯን ደህንነት ያስቀድሙ። 1.6ዋ በ1984 በ105 የፈረስ ጉልበት ጀምራ በ1986 ወደ 115 ከፍ አለች፤ ሞተሯ በፈጣን ዙር ደስ ይላል። 1.9ዋ በ130 መጣች፤ በመካከለኛ ዙር ትጎትታለች፣ ለረጅም መንገድም ትመቻለች። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የተገጠመላቸው የኋለኞቹ 122 ገደማ ናቸው። ለመለየት ከኋላ ጎማዎቹ ይጀምሩ። 1.9 የኋላ ዲስክ ፍሬንና ባለ 15 ኢንች ቸርኬ አላት፤ 1.6 ከኋላ ከበሮ ፍሬንና ባለ 14 ኢንች ቸርኬ። በባለ 15ቱ ቸርኬ ውስጥ ከበሮ ካዩ ቸርኬው ተገጠመ እንጂ መኪናዋ 1.9 ሆና አልተወለደችም። 1.6 ላይ የ1.9 ሞተር መትከልም የተለመደ ስለሆነ የሞተሩ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ይመሳከር።

የኋላ እግሯ አሠራር እንዲህ ነው። በአግድም የተዘረጋ ወፍራም ቱቦ አለ፤ በሁለቱ ጫፎቹ ጎማዎቹን የሚይዙ ክንዶች ባለ መርፌ ኩሽኔታ ላይ ይዞራሉ። የጫፉ ጎሚኒ ሲያረጅ ውሃ ይገባል፣ ግራሱ ይታጠባል፣ መርፌዎቹ ዝገው የክንዱን ዘንግ ይፍቃሉ። ያን ጊዜ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አስቁመው ከኋላ አሥር እርምጃ ርቀው ቢያዩ በዓይን ይታያል። የኋላ ጎማዎቹ የውስጥ ጠርዝ ብቻውን ማለቁና ሻንጣ መጫኛው ላይ ጫን ሲሉ ሲጥ የሚል ድምፅ ሌሎቹ ምልክቶች ናቸው። በክሪክ አንስተው ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ይወዝውዙት። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ኩሽኔታና ጎሚኒ መቀየር ይበቃል። ዘንጉ ወይም ቱቦው ከተፋቀ ግን አዲስ ኩሽኔታ ብቻ ቢያስገቡ ይመለሳል፤ ሙሉ እድሳት የተደረገለት አክስል ማስገጠም ነው ያለው። አክስሉ ታድሷል የሚል ሻጭ ደረሰኙን ያሳይ።

የሞተሯ ብሎክ አሉሚኒየም ነው፤ ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው የሲሊንደር እጅጌዎችም በቀጥታ በውሃ የተከበቡ ናቸው። ቴስታታው ሲወርድ እጅጌዎቹ በመያዣ ካልታሰሩ ከቦታቸው ይነሱና ከሥር ያለው ጎሚኒ ይለቃል፤ ውሃ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ስለዚህ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) በቅርቡ ተቀይሯል» የሚል ወሬ ካለ ማን እንደሠራው ይጠይቁ፤ የዘይት መሙያ ክዳኑን ከፍተው የወተት ቡና የመሰለ ዝቃጭ መኖር አለመኖሩን ይዩ። ስትነዷት ደግሞ ኩርባ መሃል በድንገት እግርዎን ከነዳጁ አያንሱ፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄድና ኋላዋ ተንሸራቶ ይወጣል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ፀባይዋ ነው፤ በዝናብ ግን ብዙዎቹን አጥር ላይ ሰቅሏቸዋል። ለዚህም ነው የአደጋ ታሪኳን ማጣራት ግድ የሚሆነው።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ የእንግሊዙ ሊብሬ፣ ቪ5ሲ የሚባለው፣ መኪናዋ በማን ስም እንደተመዘገበች እንጂ የማን ንብረት እንደሆነች አያረጋግጥም። በታርጋ ቁጥሯ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ የዓመታዊ ምርመራ ታሪኳን በነፃ ያያሉ፤ ስንት ማይል እንደሄደች፣ በምን እንደወደቀች፣ የትኛው ቦታ ላይ ዝገት እንዳለ ማስጠንቀቂያ እንደተሰጠባት ዓመት በዓመት ተጽፏል። ለሦስት ዓመት «የዝገት ምልክት» የተባለ ነገር በአራተኛው ዓመት በድንገት ከጠፋ ተሠርቷል ወይም ተሸፍኗል፤ የትኛው እንደሆነ ከሥር ገብተው ይዩ። ከፍሎ ማጣሪያም ያስፈልጋል፤ በብድር ተይዛ ከሆነ ዕዳው ሳይከፈል የአበዳሪው ናት፣ በኢንሹራንስ ኤስ ወይም ኤን ተብላ ተመድባ ከሆነም ተጎድታ ታውቃለች።

አንድ የለንደን ጉዳይ ደግሞ አለ። 40 ዓመት የሞላት መኪና በታሪካዊ መደብ ከተመዘገበች ከመንገድ ግብርም ከለንደን የአየር ብክለት ክፍያም ነፃ ናት። መደቡ ግን በራሱ አይቀየርም፤ ባለቤቱ አመልክቶ ማስቀየር አለበት። ያልሞላት 205 በቀጠናው ውስጥ በተንቀሳቀሰችበት ቀን ሁሉ 12.50 ፓውንድ ታስከፍላለች። ቀጠናው ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የለንደንን ክፍለ ከተሞች በሙሉ ይሸፍናል። በየቀኑ ልነዳት ካሉ ይህን ከመግዛትዎ በፊት አስልተው ይያዙት።

ጥያቄ፦ ስቶክሆልም ሬኖ 5 ጂቲ ተርቦ አየሁ። ጠዋት ትነሳለች፣ ነዳጅ ማደያ ቆማ ግን አልነሳ ትላለች። ልተዋት? (አ.በ.)

መልስ፦ ለዚህ ብቻ አይተዋት። ባለ 1,397 ሲሲዋ ሞተር ቤንዚን የምታገኘው በኢንጄክሽን ሳይሆን በሶሌክስ ካርቡራተር ነው፤ ተርቦው ደግሞ እዚያው ጎኑ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሙቀቱ ካርቡራተሩን ይመታውና ቤንዚኑ ውስጡ ይፈላል። ከጠፋች በኋላም የሚሠራው የካርቡራተር ማቀዝቀዣ ንፋስ መስጫ ይሠራ እንደሆነ ይፈትሹ፤ ብዙ ጊዜ ያለቀው እሱ ነው ወይም ሰዓት ቆጣሪው። ከ1987 ጀምሮ ያለችው ሁለተኛዋ ዙር በውሃ የሚቀዘቅዝ ተርቦና 120 የፈረስ ጉልበት ስላላት እሷ ትመረጣለች። ሊያስፈራዎት የሚገባው ግፊቱ የተጨመረላት ናት። የተርቦውን ግፊት ከፍ አድርጎ ካርቡራተሩን ሳያስተካክል የነዳ ሰው ሞተሩን በቀጠነ፣ ቤንዚን ባነሰው ድብልቅ ነው ያቃጠለው። ዋናው የአየር ማጣሪያ ሳጥንና ቧንቧዎች በቦታቸው ከሌሉ ኮምፕሬሽን ሳይለካ ዋጋ አይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ በጀቴ ትንሽ ነው። የ80ዎቹን አልችልም። ሬኖ ክሊዮ 182 እንዴት ናት? (ማንቸስተር)

መልስ፦ ከ2004 ጀምሮ የመጣች፣ ባለ 2.0 ሊትር፣ 182 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ናት፤ ለገንዘቡ ከሷ የበለጠ ደስታ የሚሰጥ ጥቂት ነው። አንድ ሂሳብ ብቻ አይርሱ። የታይሚንግ ቺንጋዋ የማይል መጠኑ ባይሞላም በየ5 ዓመቱ ይቀየራል፤ አብሮም ውጥረት ሰጪዎቹ፣ የመግቢያ ካሙ (የመግቢያ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጊዜ መለዋወጫ ፑሊና የውሃ ፖምፓው። ፑሊዎቹ በቁልፍ ሳይሆን በብሎን ጥብቀት ብቻ የሚያዙ በመሆናቸው ካሞቹንና ክራንኩን የሚቆልፍ ልዩ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ከሠራው ጊዜው ይዛነፍና ቫልቩና ፒስተኑ ይጋጫሉ። «ቺንጋው ተቀይሯል» የሚል ማስታወቂያ ቀኑና የጋራዡ ደረሰኝ ከሌለው እንዳልተቀየረ ይቁጠሩት፤ ዋጋውን ያስቀንሱ። ለእንግሊዝ 500 ብቻ የተሠሩት፣ ትሮፊ የሚባሉት ልዩ 182ዎች ላይ ደግሞ የተለየ ዘይት ማጠራቀሚያ ያላቸው የዛክስ አሞርዛተሮች ናቸው ዋናው ጌጥ፤ የሚያፈስሱ ከሆነ የማስጠገኛው ገንዘብ ከድርድሩ ይቀነስ። ተራ አሞርዛተር የተገጠመላት ትሮፊ ዋናዎቹ በሳጥን ካልቀረቡላት የትሮፊ ዋጋ አይከፈልባትም።

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ሆንዳ ሲቪክ ታይፕ አር፣ የ1997ቱን ኢኬ9፣ ከጃፓን ማስመጣት ይቻላል? በምን አጣራለሁ? (ዳ.ወ.)

መልስ፦ ይቻላል። ከተመረተች 25 ዓመት የሞላት መኪና ከአሜሪካ ፌዴራል የደህንነት መስፈርት ነፃ ናት። የሚቆጠረው ከሞዴል ዓመት ሳይሆን ከተመረተችበት ወር ነው፤ ስለዚህ የምርት ወሯን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ወደቡ ላይ ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ኤችኤስ-7፣ ለአካባቢ ጥበቃው 3520-1 የሚባሉት ቅጾች ይሞላሉ። የአካባቢ ጥበቃው ነፃነት 21 ዓመት ላለፋት ነው፤ ግን ሞተሯ እንደ ተወለደች መሆን አለበት። ሌላ ሞተር የተተከለላት መኪና ወደብ ላይ ጣጣ ታመጣለች። ወደ ካሊፎርኒያ ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ የዚያ ግዛት የጭስ ሕግ የራሱ ነው፣ ፌዴራሉን ማለፍ አይበቃም።

ማንነቷን ማጣራት ከጎልፍ ይቀላል። የጃፓን ሻንሲ ቁጥር 17 ምልክት የለውም፤ በኢኬ9 ይጀምራል፤ ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። በኢኬ4 የሚጀምር ከሆነ ሌላ ሲቪክ ናት፤ ቀይ የሬካሮ መቀመጫና ቀይ አርማ አይለውጣትም። ሞተሩ ላይ ቢ16ቢ የሚል ይፈልጉ፤ 185 የፈረስ ጉልበቱን በ8,200 ዙር የሚሰጠው እሱ ነው። በሙከራ መንገድ ላይ በከፍተኛ ዙር ሞተሩ ወደ ሌላ ካም ሲለወጥ በግልጽ ካልተሰማዎት ወይም ዙሩ ከዚያ በታች ከታፈነ የሚጠራጠሩት ነገር አለ።

የጃፓን ጨረታ ወረቀት ካልቀረበልዎ ግዢው አይታሰብም። ደረጃው አር ወይም አርኤ ከሆነ በአደጋ ተጎድታ ተጠግናለች። በመኪናዋ ሥዕል ላይ ኤ ጭረት፣ ዩ ጉድጓድ፣ ደብሊው የተጠገነ ቦታ፣ ኤስ ዝገት፣ ሲ የበላ ዝገት፣ ድርብ ኤክስ የተቀየረ ክፍል ነው፤ አጠገባቸው ያለው ቁጥር ሲጨምር ክብደቱ ይጨምራል። ከኋላ ጎማዎቹ ቅስት ላይ ኤስ ወይም ሲ ካለ እዚያ ላይ ያተኩሩ፤ የዚህ ሲቪክ የታወቀ በሽታ ነው። ወረቀቱን ሻጩ ከሚልክልዎ ይልቅ በሻንሲ ቁጥሩ ራስዎ ያውጡ፤ ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት በየገበያው ሞልቷል። ቨርጂኒያ ውስጥ 25 ዓመት ላለፋት የአንቲክ ታርጋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለዕለት ሥራ መመላለሻ ሌላ መኪና እንዲኖርዎ ይጠብቃል። ኢንሹራንሱም ዋጋዋ አስቀድሞ በስምምነት የተጻፈበት ይሁን፤ አለዚያ ብትሰረቅ የሚከፈልዎት የአሮጌ ሲቪክ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ወንድሜ ከጣሊያን አሮጌ ጂቲአይ ይልክልኛል ብዬ ነበር። (ቦሌ)

መልስ፦ ይተዉት። የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ወደ አገር ማስገባት ከ2024 ጀምሮ ተከልክሏል። ከዚያ በፊትም ቢሆን በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ስለጣለ ነገሩ ያበቃለት ነበር። የቀረው ቀድሞ ገብቶ ታርጋ የያዘ ነው። እንዲህ ያለ ካገኙ የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናዋ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳከር። አሮጌ መኪና ላይ ሞተር መቀየር የተለመደ ነው፤ ቅያሪው በሊብሬው ላይ ካልተስተካከለ ስም ሲዛወር የሚጉላላው ገዢው ነው። ወንድምዎ ዕቃ ይላክልዎ እንጂ መኪና አይላክልዎ።

ጥያቄ፦ ሙኒክ ነው የምኖረው። የ1988 ጎልፍ 2 ጂቲአይ 16ቪ ለብዙ ዓመት ይዣለሁ፤ አሁን ልሸጣት ነው። እንዴት ላዘጋጃት? ስንት ልበል? ገዢዎች ያጭበረብራሉ ይባላል። (ገ.ማ.)

መልስ፦ ዋጋውን ማስታወቂያ ላይ ከተጻፈው አይነሱ፤ ያ የሻጮች ምኞት ነው። በመስመር ላይ የክላሲክ ጨረታዎች ያለቁበትን ዋጋ ይፈልጉ። ከዚያ ከባለሙያ አጭር የዋጋ ግምት ያሠሩ፤ በጀርመን ከ1 እስከ 5 ባለው ደረጃ ይሰጣል፣ ገዢውም ለክላሲክ ኢንሹራንስ ይፈልገዋል። የሞተሩ ኮድ ይጻፍ። ኬአር ከሆነ ካታሊቲክ የሌለው የ139 ፈረስ ጉልበቱ ነው፤ ፒኤል ከሆነ 129። ገዢው ያውቀዋልና እርስዎም ይወቁት።

ገንዘብ የሚያመጣው የመጀመሪያነቷ ነው። ከዓመታት በፊት ያወጧቸውን ዋና ቸርኬዎች፣ መሪ፣ ሬድዮ፣ አሞርዛተር ከምድር ቤት ያውጧቸውና አብረው ያቅርቡ። የአገልግሎት መጽሐፏንና በውስጡ የተለጠፈውን የፋብሪካ መረጃ ወረቀት፣ ደረሰኞችን በቀን ተራ በአንድ ክላሰር ያስቀምጡ። ለመሸጥ ብለው አያስቀቡ። በአሮጌ ቀለም ላይ ያለ ጭረት ሊታመን ይችላል፤ ትኩስ ቀለም ግን ከሥሩ ምን እንዳለ ያስጠይቃል። ሞተሩንም በእንፋሎት አያሳጥቡ፤ የዘይት መፍሰስ ደብቀዋል ይባላሉ። ይልቅ ትናንሾቹን ይሥሩ፦ የማይሠራ መስኮት፣ የተቃጠለ አምፖል፣ የላላ የማርሽ ዘንግ ጎሚኒ። እንዲህ ያሉት በጥቂት ዩሮ ያልቃሉ፤ ሳይሠሩ ከቀሩ ግን ገዢው ዋጋ የሚያስቀንስዎ በነሱ ነው። ማስታወቂያው ላይ 50 ያህል ፎቶ ያድርጉ፤ ግማሹ ከሥር፣ ከምንጣፍ ሥር፣ ከነዳጅ ክዳኑ ውስጥ፣ ከጎማ ቅስቶች። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ የሚያሳይ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ይቅረጹ። ዝገቷን ራስዎ ካሳዩ ለማየት ብቻ የሚመጣው ይቀንሳል።

ሙከራ ሲያደርግ አብረውት ይሂዱ፤ መንጃ ፈቃዱን ፎቶ ያንሱ፣ ኢንሹራንስዎ ሌላ ሰው መንዳቱን እንደሚሸፍን አስቀድመው ያረጋግጡ። መኪናዋን ሳያይ ዋጋውን የሚቀበል፣ «ወኪሌ መጥቶ ይወስዳታል» የሚል፣ ከዋጋው በላይ ከፍሎ ትርፉን ለአጓጓዡ እንዲልኩ የሚጠይቅ ገዢ አጭበርባሪ ነው፤ መልስ አይስጡት። ክፍያው ባንክ ውስጥ ወይም በፈጣን ዝውውር ይሁን፤ ገንዘቡ የእርስዎ ሒሳብ ላይ ሲታይ ብቻ ቁልፉንና የምዝገባ ወረቀቱን ሁለተኛ ክፍል ይስጡ። የዝውውር ማረጋገጫ ፎቶ ገንዘብ አይደለም።

ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ፤ አዳክ የሚባለው የጀርመን የመኪና ባለቤቶች ማኅበር ያዘጋጀው የግል ሽያጭ ውል ቅጽ ይበቃል። ግለሰብ ሻጭ የጉድለት ኃላፊነትን በግልጽ በጽሑፍ ማስቀረት ይችላል፤ እያወቁ የደበቁት ጉድለት ግን በዚህ አይሸፈንም። ስለዚህ የሚያውቁትን ሁሉ በውሉ ይዘርዝሩ። «አደጋ አልደረሰባትም» ብለው አይጻፉ፤ «በእኔ እጅ እያለች አልደረሰባትም፣ ከዚያ በፊት ስለመድረሱም አላውቅም» ይበሉ። የርክክቡ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፍ። በዚያኑ ዕለት ለምዝገባ ቢሮውና ለኢንሹራንሱ መሸጧን ያስታውቁ፤ አለዚያ የእሱ የፍጥነት ቅጣት ለእርስዎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሊድስ ነኝ። የ1982 ጎልፌን ማንኛውንም ቤንዚን ልሙላላት? (ሊድስ)

መልስ፦ አይሆንም። በብሪታንያ ከመስከረም 2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ነው። ኢታኖል የድሮ የጎማ ቱቦዎችንና ጎሚኒዎችን ያደርቃል፣ ውሃም ይስባል፤ ለወራት ስትቆም ታንኩን ከውስጥ ያዝጋል። ኢ5 የተጻፈበትን ሱፐር ይሙሉ። ቱቦዎቹ ዓመታቸው ካልታወቀ አር9 የሚል ምልክት ባለው፣ ለኢንጄክሽን ግፊትና ለኢታኖል በተሠራ ቱቦ ሁሉንም ይቀይሩ፤ ከኮፈኑ ሥር ያሉትን ብቻ ሳይሆን ከኋላ ታንኩ ላይ ያሉትን አጫጭሮችም ጭምር። ሞተሩ ተነስቶ እየሠራ ሳለ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት ጠርገው ይዩ፤ ወረቀቱ ከረጠበ ሳይነዱ ያጥፉት።